ማስሮጥ ማንም ያስሮጣል፦ የሊማሊሞ ፈረስና የልጓም ታሪክ

የታሪክ መጻሕፍቶቻችንን ገለጥ ገለጥ ብታደርጉ ፈረስ የማይገባበት ዘመን የለም። ንጉሡ በፈረስ፣ ራሱ በፈረስ፣ ሽፍታው በፈረስ። ሐውልት ስናቆም እንኳ ጀግናውን ፈረስ ላይ አስቀምጠን ነው። ግን አንድ ነገር ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? በትረካችን ውስጥ ፈረሱ ሁልጊዜ ይሮጣል። ማን አስሮጠው፣ ወዴት አስሮጠው፣ ማንን ደመሰሰበት... ይኼ ሁሉ ተጽፏል። እንዴት አስቆመው የሚለውን ግን የሚጠይቅ የለም።

ፈረስ የያዘ ሰው ግን ያውቃል። ማስሮጥ ማንም ያስሮጣል፤ አንድ አለንጋ ወይም አንድ ጩኸት ይበቃል። ጋላቢን ከጋላቢ የሚለየው ማቆሙ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናወጋው ስለ ግልቢያ ሳይሆን ስለ ልጓም ነው። ወጉንም ከሌላ ቦታ ሳይሆን ከዳባት፣ ከደባርቅ፣ ከሊማሊሞና ከድብ ባሕር እንጀምረዋለን። ምክንያቱም በዚያ አገር መቆም አለማወቅ ገደል ነው። በምሳሌ ሳይሆን በእውን ገደል።

*ሜዳውም ገደሉም አንድ ላይ*

ከጎንደር ወደ ሰሜን ስትወጡ ወገራን ታቋርጣላችሁ። ደጋ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ሣርም ገብስም ያለበት ነው። ዳባትና ደባርቅ እዚያ ላይ ናቸው። ለፈረስ ከዚህ የተሻለ አገር የለም፤ "ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው" የሚባለው ለእንዲህ ያለ ቦታ ነው።

ደባርቅን አልፋችሁ ጥቂት እንደሄዳችሁ ግን ሜዳው ድንገት ያልቃል። መሬቱ እንደተቆረጠ ዳቦ ቁልቁል ይወርዳል። ሊማሊሞ ይሉታል። ከግርጌው ድብ ባሕር፣ ከዚያ ዛሪማ፣ ከዚያ አዲ አርቃይ፣ ከዚያ ወዲያ ተከዜ። ብርዱን ትታችሁት በሰዓታት ውስጥ ቆላ ትገባላችሁ። ከጎንደር ወደ ምጽዋ ይሄድ የነበረው የሲራራ ንግድ መንገድ ይኼው ነው፤ አሞሌውም፣ ጨርቁም፣ ጠመንጃውም፣ ጳጳሱም በዚሁ ገደል ወጥተዋል።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በእ.ኤ.አ. 1770 መጀመሪያ ከምጽዋ ወደ ጎንደር ሲመጣ ሊማሊሞን ወጥቷል። መንገዱ ስፋቱ ሁለት ጫማ የማይሞላ፣ በገደሉ አፍ ላይ እየተጠማዘዘ የሚወጣ እንደነበር ጽፎልናል። ሁለት ጫማ ማለት እኮ አንድ የተጫነ በቅሎ ሌላውን ማሳለፍ የማይችልበት ማለት ነው።

እንግዲህ አስቡት። በወገራ ሜዳ ሽምጥ የለመደ ፈረስ በግማሽ ቀን መንገድ ውስጥ እዚህ አፋፍ ይደርሳል። አፋፉ ላይ ደርሶ ማቆም የለም፤ ሳይደርሱ በፊት ቆሞ መገኘት ነው ያለው። የዚህ አገር ፈረሰኛ የተማረው ትልቁ ትምህርት ይኼ ይመስለኛል፦ ማቆም የሚጀመረው ማቆም ከሚያስፈልግበት ቦታ ብዙ ቀድሞ ነው።

አባቶቻችን ለዚህ ያገኙት መላ ደግሞ ቀላል ነበር። በቅሎ። በዘመነ ጎንደርም ከዚያ በፊትም አገራችንን ያዩ ተጓዦች ሁሉ የሚያነሱት ነገር አለ፦ መኳንንቱ መንገድ ሲሄዱ በበቅሎ ነው፤ ፈረሱ ከጎን ይሳባል። ፈረስ ላይ የሚወጣው ጦር ሜዳ ሲደረስ ወይም ለጉግስ ነው። ብዙ ሰው ይኼን ለፈረሱ ክብር ብሎ ያስበዋል፤ ክብሩም አለ። ግን ስሌትም አለበት። ፈረስ ሲፈራ የሚያውቀው መድኃኒት መሮጥ ነው። በቅሎ ግን ስትጠራጠር ትቆማለች፤ ግትር የምንላት ለዚህ ነው። ገደል ላይ ግን ግትርነት ነፍስ ያድናል።

*ሰማንያ ፈረስ*

ፈረስ በሰሜን ተራሮች ምን ያህል ዋጋ እንደነበረው የሚያሳይ አንድ ታሪክ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1542 የፖርቱጋሉ ክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ ከኢማም አሕመድ ኢብራሂም (ግራኝ አሕመድ) ጋር ጃርቴ ላይ ሁለት ጊዜ ገጥሞ አሸነፈ። ጠመንጃ ነበረው፣ መድፍ ነበረው። ያልነበረው ፈረስ ነው። ኢማሙ ቆስሎ ሲሸሽ የሚከታተልበት ፈረሰኛ ስላልነበረው ድሉ በእጁ ላይ እያለ አመለጠው።

በዚያው ክረምት ዳ ጋማ ወደ ሰሜን ተራሮች ዞረ። በቤተ እስራኤሎች አገር የኢማሙ ሰዎች የያዙት አምባ እንዳለና እዚያም ፈረስ እንደሚገኝ ተነግሮት ነበር። አምባውን ያዘ፤ ሰማንያ ፈረስም አገኘ። ፈረሶቹን ግን ከተራራው አውርዶ ወደ ሠፈሩ ማድረስ ሌላ ጣጣ ሆነ። ጊዜ ስላጠረው ሰዎች መድቦ "አምጡልኝ" ብሎ እሱ ቀድሞ ተመለሰ። በነሐሴ መጨረሻ ወፍላ ላይ ውጊያው ሲጀመር ፈረሶቹ አልደረሱም። ዳ ጋማ ተሸነፈ፣ ተማረከ፣ ተገደለ።

ታሪክ ጸሐፊዎች ይኼን የሚያነሱት ስለ ጦርነቱ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ተራራው ነው። ፈረስ ያለበት አገር ከፈረስ የፈጠነውን ነገር ሁሉ ያዘገያል። በሰሜን ቁልቁለት ላይ ሰማንያ ፈረስ ያለው ሰው ሰማንያ ፈረስ ፍጥነት የለውም። ቁልቁለቱ የሚፈቅድለት ብቻ ነው ያለው።

*ልጓሙ ለምን ጨካኝ ሆነ?*

አሁን ወደ ዕቃው እንምጣ። የድሮው የአበሻ ልጓም ቀልድ አይደለም። አፍ ውስጥ የሚገባው ብረት ላንቃን የሚነካ ጉጥ አለው፤ ከዚያ ላይ ደግሞ በታችኛው መንጋጋ ዙሪያ የሚጠልቅ የብረት ቀለበት አለ። ዛቡ ሲሳብ ጉጡ ወደ ላይ፣ ቀለበቱ ወደ ኋላ ይይዛል። በትንሽ ጉልበት ትልቅ ሕመም ማለት ነው። ተመሳሳዩ በዐረቦችና በግብጽ ማምሉኮች ዘንድም ነበር።

ለምን እንዲህ ሆነ? መልሱ ፈረሰኛው እጅ ላይ ነው። ፈረሰኛው በአንድ እጁ ጦር ይዟል። በሌላው ጋሻ አንግቧል፤ ዛቡም የሚያዘው በዚያው በጋሻው እጅ ነው። ሁለት እጅ ይዞ ቀስ እያለ፣ እየሳበ እየለቀቀ የሚያባብልበት ጊዜ የለውም። በሙሉ ግልቢያ ሄዶ፣ ጦሩን ወርውሮ፣ ባላጋራው ሳይደርስበት ቆሞ መዞር አለበት። ጉግስ ያያችሁ ይኼን ታውቁታላችሁ፤ የጉግስ ውበቱ ሩጫው ሳይሆን መዞሪያው ላይ ነው። ልጓሙ የተሠራው ለዚያች ቅጽበት ነው።

እርካቡም የራሱ ታሪክ አለው። የዛሬው እርካብ ሙሉ እግር ያስገባል። የድሮው ግን ብዙ ጊዜ የአውራ ጣት ብቻ የምታስገባ ትንሽ ቀለበት ነበረች፤ ፈረሰኛው ባዶ እግሩን ነውና። ለፈረንጅ ተጓዦች አስቂኝ ሆኖባቸዋል። ግን አስቡት፦ የወደቀ ሰው እግሩ እርካቡ ውስጥ ተሰክቶ በፈረስ መጎተት በዓለም ሁሉ ላይ ከጋላቢ ሞት አንዱ ምክንያት ነው። በጣት የተያዘ እርካብ ቶሎ ይለቃል። በሌላ በኩል በጣት ተደግፎ፣ ወደ ኋላ ተለጥጦ፣ በጉልበት ዛብ መሳብ አይቻልም። ሚዛን ያስፈልጋል። ስለዚህ የድሮው ፈረሰኛ ሁለት ነገር ብቻ ነበረው፤ ጨካኝ ልጓምና በጣም ጥሩ አቀማመጥ።

ችግሩ ዛሬ ልጓሙ ቀርቶ (ወይም በሽቦ ተተክቶ) አቀማመጡ ደግሞ አብሮ መጥፋቱ ነው። እዚህ ላይ እመለሳለሁ።

*ብሩስና የፋሲል ፈረስ*

ፈረስ ማቆም ጉልበት እንዳልሆነ የሚያሳይ ከአገራችን ታሪክ የማውቀው ምርጥ ማስረጃ ከዚሁ ከብሩስ መጽሐፍ ነው። በ1770 መገባደጃ ወደ ዓባይ ምንጭ ሲሄድ የዳሞቱ ገዥ ፋሲል ሠፈር ደረሰ። ለማዳ ፈረስ ተብሎ የተሰጠው ግን ያልተገራ፣ ሰው ገዳይ ፈረስ ነበር።

ብሩስ እንደጻፈው ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ለጥቂት ደቂቃ በምድር ላይ ይሁን በአየር ላይ አላወቀም። ፈረሱ በኋላ እግሩ ይራገጣል፣ የፊት እግሩን አንሥቶ ይቆማል፣ እንደ አጋዘን ይዘላል። ከዚያም ልጓሙን ነክሶ ፈረጠጠ።

አሁን ስሙልኝ። ብሩስ ምን አደረገ? ዛቡን አላላለት። ልጎትትህ ብሎ አልታገለውም። መሬቱ ለስላሳና ዳገት መሆኑን አየ፤ "ሩጥ እንግዲህ" አለው። ዳገቱ የፈረሱን ትንፋሽ እየበላው ሄደ። ከዚያ በሁለት ኮረብታዎች መካከል፣ አንዴ በዚህኛው ወገብ አንዴ በዚያኛው ወገብ፣ እያመላለሰ አደከመው። በመጨረሻ ፈረሱ ተሸክሞት ወደ ሠፈር መመለስ መቻሉን እስኪጠራጠር ድረስ ዛለ።

ልብ በሉ፦ ያቆመው ልጓሙ አይደለም፣ ዳገቱ ነው። ብሩስ የሠራው ፈረሱን ወደ ዳገቱ ማዞር ብቻ ነው።

የታሪኩ መጨረሻም ያምራል። ፋሲል በኋላ የራሱን ፈረስ ከነኮርቻው ሰጠው፤ "አትቀመጥበት፤ ከፊትህ እየነዳኸው ሂድ፣ ያየው ሁሉ አይነካህም" በሚል። ሰው ያልተቀመጠበት ፈረስ ከተቀመጠበት ይልቅ ጠበቀው ማለት ነው።

*ደረስጌ*

ወደ ሰሜን ተራሮች እንመለስ። የሰሜኑና የትግሬው ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ደረስጌ ላይ የማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ነበር፤ በሥራውም ጀርመናዊው ሺምፐር አለበት። ሊነግሡበት ነው ይባል ነበር። የካቲት 3 ቀን 1847 ዓ.ም. ግን ካሣ ኃይሉ እዚያው ደረስጌ ላይ ድል አደረጓቸው። ከሁለት ቀን በኋላ፣ የካቲት 5፣ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን አቡነ ሰላማ ካሣን ዳግማዊ ቴዎድሮስ ብለው ቀቧቸው። የፈረስ ስማቸው አባ ታጠቅ።

የፈረስ ስም ነገር ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል። የአገራችን ጦረኛ በራሱ ስም ሳይሆን በፈረሱ ስም ይፎክር ነበር። ታጠቅ፣ በዝብዝ (ዐፄ ዮሐንስ)፣ ነጋ (ራስ አሉላ)፣ ነፍሶ (ባልቻ)። አብዛኞቹ የሚጋልቡ ስሞች ናቸው። ከእነዚህ መካከል ሁለቱ ለየት ይሉብኛል፦ የምኒልክ ዳኘውና የሀብተ ጊዮርጊስ መላ። መዳኘትና መላ መምታት ቆም ብሎ የሚሠራ ሥራ ነው።

አሁን የምናገረው የእኔ አስተያየት ነው፤ ልትቃወሙኝ ትችላላችሁ። ቴዎድሮስን እወዳቸዋለሁ። ያንን የተበታተነ አገር በጥቂት ዓመታት ያንን ያህል መንገድ ማስኬድ ሌላ ማን ቻለ? ግን ዛቡን ሊይዝላቸው የሚችል ሰው ሁሉ በእጃቸው እየተበላሸ ሄደ። ደረስጌ ላይ ዘውድ የጫኑላቸው አቡነ ሰላማ መቅደላ ላይ እስረኛ ሆነው በ1867 እ.ኤ.አ. አረፉ። ከዚያ በኋላ መቅደላ እስኪፈጸም ስድስት ወር አልሞላም። ታላቅ ፈረስ ልጓም የሚጠላው ታላቅ ስለሆነ ነው፤ የሚያስፈልገውም ለዚያው ነው።

*ሊማሊሞ ላይ መኪና ሲመጣ*

ጣሊያን በወረራው ዘመን ሊማሊሞ ላይ መንገድ ቆረጠ። የሁለት ጫማው መንገድ በመኪና መንገድ ተተካ፤ ጥምዝምዙ ግን ቀረ። ከዚያ ወዲህ ቁልቁለቱን የሚያውቁት የጭነት መኪና ሾፌሮች ናቸው። እነሱም ልክ እንደ ፈረሰኛው አንድ ሕግ አላቸው፦ በወጣህበት ማርሽ ውረድ።

ለምን? በፍሬን ብቻ የተማመነ ሾፌር ፍሬኑን እየረገጠ ይወርዳል። ፍሬኑ ይግላል፤ ሲግል መያዝ ያቆማል፤ መያዝ ሲያቆም ሊማሊሞ ላይ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። አዋቂው ሾፌር ግን ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሹን ቀንሶ ሞተሩ እንዲይዘው ያደርጋል፤ ፍሬኑን ነካ አድርጎ ይለቃል።

የፈረስ አፍም እንደ ፍሬን ነው። ሳታቋርጡ ከጎተታችሁት ይደነዝዛል። ፈረሱ አንገቱን ያጠነክርና እናንተን መልሶ ይጎትታችኋል። በጉልበት ጉተታ ደግሞ ከእሱ ጋር አትችሉም። የግሪኩ ዜኖፎን ከ2,400 ዓመት ገደማ በፊት ስለ ፈረስ በጻፈው መጽሐፉ ይኼንኑ ብሏል፦ ቁጡን ፈረስ በድንገት ነጥቀህ አታቁመው፤ በዝግታ አብርደው። ግሪክ ሆነ ሊማሊሞ፣ ፈረሱ አንድ ነው።

*ታዲያ ዛሬ?*

ደባርቅ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በር ናት። ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ቦታዎች አንዱ ነው። የአካባቢው ሰው በቅሎና ፈረስ እያከራየ ከእንግዳ እንጀራ ይበላል፤ ሰላም ሲጠፋ ደግሞ እንጀራው አብሮ ይጠፋል። ይኼን የቅርብ ዓመታቱ ጦርነት በደንብ አሳይቶናል። እንግዳው ሲመለስ ፈረስ ላይ የሚወጣው ብዙ ጊዜ በሕይወቱ ተቀምጦ የማያውቅ ሰው ነው። በየከተማው ጋሪ የሚጎትቱ ፈረሶች አሉ፤ አንዳንዶቹ አፋቸው ውስጥ ያለው ልጓም ሳይሆን ሽቦ ነው፤ ከንፈራቸው ተተልትሎ ታያላችሁ። በጥምቀትና በገና ደግሞ ወጣቱ ለፎቶ ሲል ሕዝብ መሃል ይጋልባል።

ስለዚህ የሚቀጥለውን ለሚጋልብ ወንድምና እኅታችሁ አስተላልፉ።

1. ከመውጣታችሁ በፊት የኮርቻውን የሆድ ማሰሪያ ፈትሹ። ቁልቁለት ካለ ከጅራቱ ሥር የሚያልፈው ጠፍር መኖሩን እዩ፤ ከሌለ ኮርቻው ወደ አንገት ይንሸራተታል።

2. እርካብ ውስጥ የእግራችሁን ፊት ብቻ አስገቡ። ሙሉ እግር አታስገቡ። ነጠላ ጫማ አድርጋችሁ አትውጡ።

3. ለማዘግየት መጀመሪያ ራሳችሁ ቀዝቅዙ። ቀጥ ብላችሁ ኮርቻው ላይ ተደላድላችሁ ተቀመጡ፣ ረጅም ትንፋሽ አውጡ፣ ከዚያ ዛቡን ሳብ አድርጋችሁ ወዲያው ላላ አድርጉ። ሲታዘዛችሁ አላሉለት፤ ምስጋናው ይኼ ነው። ከግልቢያ ወደ ሶምሶማ፣ ከሶምሶማ ወደ እርምጃ፤ በደረጃ።

4. ቢፈረጥጥ አትጩኹ፣ ወደ ፊት አትደፉ፣ በእግራችሁ ሆዱን አትጭመቁ። እነዚህ ሦስቱ በፈረስ ቋንቋ "ጨምር" ማለት ናቸው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ፈረስ በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ለመደንገጥ የምታባክኑት ሦስት ሰከንድ ከ30 ሜትር በላይ ነው።

5. ቦታ ካለ በሰፊው ክብ አዙሩት፤ ክቡን ቀስ በቀስ አጥብቡት። ራሱን በአንድ ጊዜ ወደ ጎን አትጠምዝዙ፤ በሙሉ ሩጫ ላይ ከሆነ አብራችሁ ትወድቃላችሁ። ዳገት ካለ ወደ ዳገቱ አዙሩት። ብሩስን አስታውሱ።

6. ቁልቁለቱ ከከበደ ውረዱና እየመራችሁት ሂዱ። ይኼ ፍርሃት አይደለም። መኳንንቱም ፈረሳቸውን አስመርተው ነው የሄዱት።

ስድስተኛዋን ደግማችሁ አንብቧት።

በአዊ ሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ምን ያህል ፈረስ እንደሚወጣ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እዚያ ልጅ ከአባቱ፣ ከአጎቱ ይማራል፤ ሕግ አለው፣ ተራ አለው። ፈረስን ያቆየልን እንዲህ ያለ ማኅበር ነው። የወገራና የሰሜን ፈረሰኛ ግን ዕውቀቱ ያለው በሽማግሌዎች እጅ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ በየዓመቱ እየቀነሱ ነው። ፉከራውን በስልክ ቀርጸነዋል። አገራሩን የቀረጸው አለ? አንድ አዛውንት ያልተገራን ውርንጭላ በቃል ብቻ ሲያስቆሙ፣ ዛቡን በሁለት ጣት ሲይዙ፣ ያንን ማን አስቀመጠው? ደባርቅና ዳባት ያላችሁ ወጣቶች፣ ይኼ ለእናንተ የተተወ ሥራ ነው። ካሜራ ሳይሆን ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው።

"ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም" ይላል ተረቱ። ብዙ ጊዜ የምንሰማው ሁለተኛውን ግማሽ ነው፤ መዋጋት የሰው ነው ለማለት። የመጀመሪያው ግማሽ ግን ለእኔ ይበልጥብኛል። ያደርሳል። መድረስ ማለት ደግሞ የሚቆሙበት ቦታ ሲመጣ መቆም ነው። ያልቆመ ፈረስ አላደረሰም፤ አልፏል። ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ደግሞ ማለፍ ምን ማለት እንደሆነ ለድብ ባሕር ሰው አይነገርም።

በየአካባቢያችሁ ፈረስን ለማዘግየትና ለማቆም የሚባለው ቃል፣ የሚደረገው ዘዴ ካለ ጻፉልኝ። ሰብስቤ በስማችሁ አወጣዋለሁ። ቸር ያሰማን።